በግቢያችን ስለሌሉት አይጦችና ዳማ ስለዋጠችው ዳቦ

ለክቡር አቶ ጀምበሩ
የግቢያችን ተከራዮች ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ የሚካኤል ጽዋ ማኅበራችን ሙሴና መሪ፣ የዋናው በር ቁልፍ ብቸኛ ባለአደራ
ንቲንዳ፣ ካምፓላ

ግልባጭ፦ ለግቢው ነዋሪዎች በሙሉ። አንዱ ቅጂ በልብስ ማጠቢያው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ሌላው በዋትሳፕ ቡድናችን ተልኳል። የግድግዳውን ነፋስ ቢያነሣው የስልኩ እንዲቀር በማሰብ ነው።

ክቡር ሆይ፣

ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? የማኅበሩ ድግስ ድካም ለቆዎት፣ እንቅልፍዎም ሳይቆራረጥ እየመጣልዎ እንደሆነ ከልብ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ የስድስት ቁጥሯ ተከራይ ዓለምሸት፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ቁርጭምጭሚቴ ብቻ ትንሽ አብጧል፤ እሱንም ቢሆን በእርስዎ ቸርነት ያገኘሁት ስለሆነ አላማርርበትም።

እንደሚያውቁት ሥራዬ ማስተርጎም ነው። ናካሴሮ በሚገኝ ቢሮ ቁጭ ብዬ የስደተኛ ወገኖቼን ቃል ሳልጨምርም ሳልቀንስም ወደ እንግሊዝኛ ስመልስ እውላለሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች እርስዎ የተናገሩትን በጠቀስኩበት ሁሉ ከራሴ አንዲት ቃል እንዳልጨመርኩ ይመኑኝ። መጨመር ቢያስፈልገው ኖሮም አልሰስትም ነበር፤ ግን ምኑ ላይ ይጨመራል?

ወደ አቤቱታዬ ከመግባቴ በፊት ስለ ደኅንነታችን ላመሰግንዎ ይገባኛል። የዚህ ግቢ ኃላፊነት በእርስዎ ትከሻ ላይ ከወደቀ ወዲህ አጥሩን አስረዝመውልናል፣ ጫፉ ላይ የጠርሙስ ስባሪ አስተክለውልናል፣ የጓሮውን በር በብሎኬት አስደፍነው መውጫችንን አንድ ብቻ አድርገውልናል። ማኅበር ወይም ስብሰባ በሚኖርበት ቀን ደግሞ የእንግዶችዎ መኪና እንዳይነካ ያንኑ አንዱን በር ቆልፈው ቁልፉን ኪስዎ ውስጥ ያኖሩልናል። ዘበኛችን ኦፒዮ እንኳ ቁልፍ የለውም፤ ስለዚህ ከእሱም ጋር አብረን ነው የምንጠበቀው። ሌባ ወደ ውስጥ መግባት እንደማይችል ከተረጋገጠ ቆይቷል። እኛ ወደ ውጭ መውጣት አለመቻላችን ግን እስካለፈው ቅዳሜ ድረስ አልተሞከረም ነበር። ሞክሬልዎታለሁ፤ እሱም በደንብ ይሠራል።

አቤቱታዎቼ እነሆ በቁጥር፣ ኮሚቴው ቁጥር ስለሚወድ።

አንደኛ፤ ስለ ዳቦው።

ባለፈው ቅዳሜ የማኅበሩ ተራ የእርስዎ ነበር። ድንኳኑ መሐል ግቢ ላይ ተተክሎ፣ ጠላው ቀርቦ፣ እንግዳው ከየሰፈሩ መጥቶ፣ መኪናው ከበሩ እስከ እኔ ደረጃ ድረስ ተደርድሮ ነበር። እኔም ቀሚሴን ለብሼ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ድንኳኑ ለመምጣት ስወጣ፣ ዳማ ከዕቃ ቤቱ ጥግ አንዲት ድብልብል ነገር አንሥታ ስትውጥ አየኋት። ዳማን ያውቋታል፤ ቡናማዋ ውሻዬ፣ አንድ ጆሮዋ የወደቀው፣ እርስዎ በስብሰባ ላይ «ያቺ እንስሳ» እያሉ በክብር የሚያነሧት። ሮጬ ስደርስ ሁለተኛዋን አፏ ውስጥ አገኘሁባትና ግማሹን በጣቴ ነጠቅኳት።

በእጄ የቀረው ድፎ ዳቦ ነው። ጥቁር አዝሙድ አለበት፣ በቅቤ ታሽቷል። በዚህ ሰፈር ድፎ ላይ ጥቁር አዝሙድ የሚያበዛ ቤት የማን እንደሆነ ለግቢው ሰው መንገር አያስፈልገኝም። የማኅበሩ ዳቦ ነው፤ የምንባረክበት፣ የምንቆርሰው፣ ፍርፋሪው እንዳይረገጥ ተጠንቅቀን የምናነሣው። መሐሉ ላይ ግን ሐምራዊ የሆኑ የስንዴ ፍሬ የሚመስሉ ነገሮች ተሰግስገው ነበር። ክቡር ሆይ፣ ዘመኔን ሁሉ ድፎ በልቻለሁ፣ ሐምራዊ ስንዴ ግን ገጥሞኝ አያውቅም።

እዚያው ቆሜ ንሳምብያ አካባቢ የእንስሳት ክሊኒክ ላላት ለዶክተር ናንቶንጎ ደወልኩ። እሷም ረጋ ብላ ምን እንደበላች፣ ምን ያህል እንደበላች፣ መቼ እንደበላች፣ ክብደቷ ስንት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከዚያም ወተት፣ ጨው፣ ዘይት፣ ምንም ነገር በአፏ እንዳላደርግ አስጠነቀቀችኝ። አንዳንዱ መርዝ ሲመለስ ከገባበት ይልቅ ስለሚጎዳ ራሴ ላስመልሳት እንዳልሞክር፣ የቀረውን ዳቦ በላስቲክ ቋጥሬ፣ ከተቻለ የመርዙን ማሸጊያ ይዤ ቶሎ እንድመጣ ነገረችኝ። ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መርዝ አለ፣ ነርቭ የሚይዝ አለ፣ ሆድ ውስጥ ጋዝ የሚሆን አለ፤ የአንዱ ሕክምና ለሌላው አይሆንም አለችኝ። ሆዷ ውስጥ እያለ ከደረስኩላት ማውጣት ይቻላል፤ ደሟ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ነገሩ ሌላ ነው አለችኝ።

ስለዚህ ሁለት ነገር ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ፤ የመርዙ ስምና የበሩ ቁልፍ። ሁለቱም ያሉት እርስዎ ዘንድ ነበር።

ሁለተኛ፤ ስለ አይጦቹ።

ዳማን አቅፌ ወደ ድንኳኑ መጣሁና፣ በእንግዳ ፊት ላላሳፍርዎ ብዬ፣ ወደ ጆሮዎ ጎንበስ ብዬ ለአይጥ ያስቀመጡት መርዝ ምን እንደሆነ እንዲነግሩኝ ለመንኩዎ። እርስዎም ድምፅዎን ከፍ አድርገው፣ እስከ ታችኛው ወንበር ድረስ በሚሰማ አነጋገር፣ «በእኔ ግቢ አይጥ የለም» አሉ።

ይህን መልስ ከዚያ ወዲህ ብዙ አስቤበታለሁ፤ ውበቱንም እየቆየሁ ነው ያየሁት። አይጥ ከሌለ የአይጥ መርዝ የለም። የአይጥ መርዝ ከሌለ ዳማ አልተመረዘችም። ዳማ ካልተመረዘች በር የሚያስከፍት ጉዳይ የለም። ጠበቃ ቀጥሬ ቢሆን እንኳ እንዲህ በአጭሩ አይዘጋልኝም ነበር። «ጠግባ ነው፣ ትተኛ» ብለው ጨመሩ፤ አጠገብዎ የተቀመጡትም ሰዎች ሳቁ።

ችግርዎ አይገባኝም አይበሉ፤ ይገባኛል። ድስቱ ከወጥ ቤት እየወጣ፣ እንጀራው እየቀረበ፣ ቀሲስ በቀኝዎ ተቀምጠው፣ የናካሴሮ ነጋዴዎች በግራዎ ተቀምጠው፣ ወጥ ቤቴ አይጥ ገብቶበታል ብሎ ማን ያወራል? ማንስ ሁለተኛ ይጎርሳል? ስለዚህ የእንግዶችዎን የምግብ ፍላጎት ለመጠበቅ የእኔን ውሻ ሆድ መስዋዕት አደረጉት። ሒሳቡ ለእርስዎ ግልጽ ነበር። ለእኔም ግልጽ ሆነልኝ።

ሦስተኛ፤ ስለ መድኃኒቶቹ።

እዚህ ላይ የምወቅሰው እርስዎን ብቻ አይደለም፤ ደጉን ጎረቤቴን ሁሉ ነው። እርስዎ ምን እንደበላች አልነገሩንምና ሁሉም በየፊናው አዋቂ ሆነ። አቶ ኪሩ ወተት በኩባያ ይዘው መጡ፤ ወተት መርዝ ይገድላል፣ እናታቸው ስንት ጥጃ አድነውበታል። ቤርሳቤህ ጨው በጥብጣ መጣች፤ ቶሎ ያስመልሳታል፣ ከሀገር ቤት ጀምሮ የታወቀ ነው። አንደኛው እንግዳ ዘይት አለ፣ ሌላው ሎሚ አለ። አንዲት የማላውቃቸው እናት ከቦርሳቸው ጠበል አወጡና ጠበል ለውሻ ይሆናል፣ አይሆንም የሚል ክርክር ተነሥቶ እስከ ቀሲስ ደረሰ። ዶክተሯ ምንም አትስጫት ብላኛለች ብዬ ብለምን፣ ብለፈልፍ የሚሰማኝ ጠፋ። «አይ አንቺ፣ ትንሽ ነው፣ ለእኔ ብለሽ፣ አፏን ብቻ አርጥቢላት!» ይሉኛል።

የእኛ ሰው ሲያዝን ማጉረስ አለበት፤ ካላጎረሰ ያዘነ አይመስለውም። ዳማ ደግሞ በተፈጥሮዋ እምቢ የማትል ናት፣ እዚህ ደረጃ ላይ ያደረሳትም እሱ ነው። አፏን በአንድ እጄ ጨብጬ፣ በሌላው ኩባያ እየገፋሁ፣ ሰው እንዳይቀየም ፈገግ እያልኩ ቆሜ ነበር። አቶ ኪሩ እስከ ዛሬ ተቀይመውኛል። ይቅር ይበሉኝ፤ ወተቱን ያፈሰስኩት ሆን ብዬ ነው።

አራተኛ፤ ስለ ምርቃቱ።

ይህን አቤቱታ ስጽፍ ብዕሬ ይከብደኛል፣ ምክንያቱም ምርቃት ነው። መርዙን መናገር ካልወደዱ ቁልፉን ይስጡኝ ብዬ ለሁለተኛ ጊዜ ወደ እርስዎ ስመጣ፣ መዳፍዎን ወደ እኔ ዘርግተው አስቆሙኝና ተነሡ። በሩ ተከፍቶ መኪና ከተነቃነቀ ሰዉ ይበታተናል፣ ምርቃት ረግጦ የሚወጣ የለም፣ ሲያልቅ እከፍትልሻለሁ አሉ። ሕዝቡም ተነሣ፣ አንገቱንም ደፋ። እኔ ከሰዉ መሐል፣ ዳማን ታቅፌ፣ ፊቴ እርስዎ፣ ኋላዬ የመኪና ሰልፍ፣ ከዚያ ወዲያ የተቆለፈ በር።

የእርስዎ ምርቃት ረጅም እንደሆነ የታወቀ ነው፤ በዚያን ቀን ግን ራስዎን በለጡ። ሀገር ቤት ያሉትን መረቁ፣ ካናዳ የተሻገሩትን መረቁ፣ ወረቀት የሚጠብቁትን መረቁ፣ ድንኳኑን የተከሉትን በየስማቸው መረቁ። «መውጣት መግባታችሁን ይባርክ» አሉ፤ ሁላችንም አሜን አልን። «ደጃችሁ አይዘጋ» አሉ፤ አሜን። «ከሚታይም ከማይታይም መርዝ ይሰውራችሁ» አሉ፤ አሜን። ይህችን ሲሉ ቁልፉ ኮትዎ ኪስ ውስጥ ሲንኳኳ ሰማሁት፣ እጅዎን በኃይል ስላነሡ ነው። ዳማ ልቧ እጄ ላይ ይመታል፤ በየምቱ ነገርየው ወደ ደሟ እየገባ እንደሆነ ይታወቀኛል።

እኔስ ምን አደረግሁ? አሜን አልኩ። በኢሚግሬሽን መስኮት ላይ ጠረጴዛ የምደበድበው ሴት፣ የሰው መብት ተነካ ብዬ መርማሪ ፖሊስ የማፋጥጠው ሴት፣ ውሻዬ በእጄ ላይ እየሞተች አንገቴን ደፍቼ አሜን አልኩ። እግሬ እምቢ አለኝ። ሰው ምን ይለኛል፣ ምርቃት ረገጠች ይሉኛል፣ ለውሻ ብላ ማኅበር በተነች ይሉኛል። እንግሊዞቹ አለቆቼ ይሉኝታ የሚሉት ምንድን ነው እያሉ ሲጠይቁኝ ቃል አጥቼለት ዓመታት አልፈዋል። ከእንግዲህ ቃል አልፈልግለትም፤ ይዣቸው መጥቼ ያንን በርዎን አሳያቸዋለሁ። ተናድጃለሁ፣ አቶ ጀምበሩ። በእርስዎ ብቻ ሳይሆን በራሴም ተናድጃለሁ፤ የራሴን ግን ለብቻዬ እጨርሰዋለሁ።

በዚሁ መሐል ከወጥ ቤትዎ በኩል አንድ እጅ ነጠላዬን ጎተተኝ። የማን እጅ እንደሆነ አልጽፍም፤ በማኅበር ቀን ወጥ ቤትዎ ውስጥ ብዙ ሴት ስለምትገባ ለመገመትም አይድከሙ። እዚያ ውላ እዚያው የምታድር፣ በሩ ከእኔ ይልቅ በእሷ ላይ የተቆለፈ ሰው ናት እንበል። አንዲት የተጨማደደች ማሸጊያ መዳፌ ውስጥ አስገብታ ወደ ድስቷ ተመለሰች። ማሸጊያው ላይ በጀርባዋ የተዘረጋች፣ አራት እግሯን ወደ ሰማይ የሰቀለች እንስሳ ተሥላለች። ምን ዓይነት እንስሳ እንደሆነች ለመናገር ድፍረቱ የለኝም፤ በግቢያችን የለችምና።

አምስተኛ፤ ስለ አጥሩ።

ይህኛው አቤቱታ ሳይሆን ምስጋና ነው፣ የምስጋናውም ድርሻ የሙህሲና ነው። ሙህሲና የሁለት ቁጥሯ፣ ጨርቅ ነጋዴዋ፣ የጅማ ልጅ፣ የማኅበራችን አባል ስላልሆነች ምርቃቱ አልያዛትም ነበር። ሁሉን ነገር በመስኮቷ ስታይ ቆይታ፣ መጥታ ክንዴን ያዘችና ከሰው መሐል አወጣችኝ። እግሬ እንደሚንቀሳቀስ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ለደንበኛዋ ለሞተር ታክሲው፣ ለቦዳ ነጂው ሴማኩላ ደውላ ከጓሮው አጥር ውጭ እንዲቆም አዝዛው ነበር። ኦፒዮ መሰላል አመጣ፤ ቁልፍ እንጂ መሰላል አልከለከሉትምና። ሙህሲና የራሷን ወፍራም ጋቢ አጥፋ አጥፋ የጠርሙሱ ስባሪ ላይ ደለደለችው፤ ጋቢው ዛሬ ወንፊት ሆኗል።

ዳማን በነጠላዬ ጠቅልለን አሻገርናት። ሴማኩላ ውሻ በጣም እንደሚፈራ የነገረን እጁ ላይ ካረፈች በኋላ ነው፤ ዳማም ከእሱ ይልቅ ፈርታ ስለነበር ዝም ተባባሉ። ከዚያ እኔ ተሻገርኩ። ሃምሳን ያለፈች ሴት፣ ጥልፍ ቀሚስ ለብሳ፣ የአጥር ጠርሙስ ላይ ተንፈራጥጣ፣ ከድንኳኑ በኩል «እድሜና ጤና ይስጥልን» የሚለው ምርቃትዎ እየተሰማት። አሜን እያልኩ ዘለልኩ። ቁርጭምጭሚቴ እዚያ ላይ ነው የሄደው።

ስድስተኛ ብዬ የምጽፈው ነበረኝ፤ ቁጥሩ ግን ከእንግዲህ ይቅርብኝ፣ የቀረው በቁጥር የሚነገር አይደለም።

በቦዳው ላይ በእኔና በሴማኩላ መሐል ተጋድማ ስንሄድ ዳማ ቀና ብላ አገጬን ላሰችኝ። አለቀስኩ። ወደዚህ ሀገር ብቻዬን መጥቼ፣ ካናዳ የሄደው ሄዶ፣ የእኔ የስደተኛ ፋይል በየቢሮው ተኝቶ፣ ማታ ቤቴን ስከፍት የመጣሁት እኔ በመሆኔ የሚደሰት ፍጥረት እሷ ብቻ ናት። እወዳታለሁ። ለውሻ ይህን ያህል የሚሉኝን ሰምቻለሁ፤ አዎ፣ ለውሻ ይህን ያህል።

ዶክተር ናንቶንጎ ማሸጊያውን አንብባ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ነው አለች። በመርፌ አስመለሰቻት፤ ድፎዎ ሐምራዊ ፍሬውን እንደያዘ ወጣ፣ ጥቁር አዝሙዱ ሳይቀር ይቆጠር ነበር። ከሰል አጠጣቻት፣ ደም የሚያረጋውን ቫይታሚን ወጋቻት፣ ለሳምንታት የምትውጠውን ኪኒንም ሰጠችኝ። ይህ ዓይነቱ መርዝ ለቀናት ዝም ብሎ እንደሚቆይ፣ ውሻዋ ስትበላና ስትጫወት ሰንብታ በኋላ ከውስጥ መድማት እንደምትጀምር አስረዳችኝ። እንግዲህ «ጠግባ ነው፣ ትተኛ» ያሉትን ምክር ብቀበል ኖሮ፣ ዳማ ምንም ያልሆነች መስላ ትሰነብትና፣ እርስዎም ልክ ነበርኩ ብለው፣ እኔም ይቅርታ ጠይቄዎት፣ ከዚያ አንድ ቀን በአፍንጫዋ ደም ይወርድ ነበር። ዶክተሯ ከሁሉ በላይ ያዳናት ማሸጊያው ነው አለች። ያንን እጅ እግዚአብሔር ይባርከው።

ዳማ በሕይወት አለች። ይህን ሲሰሙ ደስ እንደሚልዎ አልጠራጠርም።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። ማሸጊያው ሙሉ በሙሉ ባዶ ነበር። ዳማ የበላችው ከአንድ ተኩል አይበልጥም። የቀሩት ድብልብል ዳቦዎች የት ናቸው? በዕቃ ቤቱ ጀርባ ናቸው? ከውኃ ማጠራቀሚያው ሥር ናቸው? ልጆቹ ኳስ በሚጫወቱበት ቦይ ውስጥ ናቸው? ይህንን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። ቅቤ የጠገበ ድፎ ነው፣ ክቡር ሆይ፤ መሬት ላይ ያገኘው የሁለት ዓመት ልጅ እንደ ዳማ እምቢ አይልም። ጎረቤታችን ሔሊና ሕፃን ልጇን ከቤት ካላወጣች ዛሬ ስንት ቀኗ! እኔም ዳማን ለሽንት ስወስዳት በገመድ አሳጥሬ፣ አፏን እያየሁ፣ እንደ እስረኛ አጃቢ ነው የምሄደው። ግቢው በሙሉ በሩን ዘግቶ በመስኮት ይተያያል።

አይጥ የሚለውን ቃል አፍዎን እንዲያስነኩት አልጠይቅዎትም። እንዲያው ስሄድ ዳቦ ወድቆብኝ ነበር ይበሉ። ለወፍ ብዬ ነበር ይበሉ። ምክንያቱን እንደወደዱት ያሳምሩት፣ እኔም በፈለጉት ቋንቋ እተረጉምልዎታለሁ፤ ቦታውን ብቻ ይንገሩን። ይህንኑ፣ ቅያሜያቸው እንዳለ ሆኖ፣ በአቶ ኪሩ በኩል በትሕትና ልኬልዎት ነበር። እርስዎም ጉዳዩ በሚቀጥለው የኮሚቴ ስብሰባ እንደሚታይ፣ እስከዚያው ግን ውሾች ለራሳቸው ደኅንነት ከቤት እንዳይወጡ እንደተወሰነ፣ አጥሩም በሰው ሊዘለል እንደሚችል ስለተረጋገጠ ከላይ እሾሃማ ሽቦ እንደሚታከልበት አሳወቁን። መሰላሉም ዕቃ ቤት ገብቶ ተቆልፎበታል። ሰው ያመለጠበትን ቀዳዳ ፈልጎ መድፈን ማለት ይህ ነው፤ አደንቅዎታለሁ።

ታዲያ ለምን አትለቂም የሚሉኝ አሉ። ውሻ ይዛ፣ ስደተኛ ወረቀት ይዛ፣ ብቻዋን የመጣችን ሴት የሚቀበል ግቢ ንቲንዳን ዞሬ አጥቼ ነው። ለባለቤቱ ፈርመው እዚህ ያስገቡኝ እርስዎ ነዎት፤ ውለታዎን አልረሳሁም። እንድረሳውም አልፈቀዱልኝም። እናም እዚሁ ነኝ፤ በእርስዎ ፊርማ ገብቼ፣ በእርስዎ ቁልፍ ተዘግቼ፣ ዳቦዎን በዓይኔ እየፈለግሁ።

የቤትዎ ጣሪያ ሳያፈስ፣ ወጥ ቤትዎ ሳይጎድል፣ ኮትዎም ቁልፉን ተሸክሞ ሳይቀደድ ረጅም ዘመን እንዲኖሩልን እየተመኘሁ፣ ለጥበቃዎ፣ ለምርቃትዎና ለድፎዎ ያለኝን የማያልቅ ምስጋና ከወገብ ዝቅ ብዬ፣ ቁርጭምጭሚቴ እስከፈቀደልኝ ድረስ፣ አቀርባለሁ።

ሁልጊዜ በግቢዎ ውስጥ የምገኝ፣ ሌላ የት እገኛለሁና፣
ዓለምሸት
ከስድስት ቁጥር

ማሳሰቢያ፦ የሚቀጥለው ወር የማኅበሩ ተራ የእኔ ነው። እርስዎ ሙሴያችን ስለሆኑ መቅረት አይችሉም፣ የቀረበልዎትንም አልበላም ማለት አይችሉም፤ ሰው ምን ይላል? ድፎውን በገዛ እጄ እጋግራለሁ፣ የመጀመሪያውንም ቁራሽ በሁሉ ፊት የማጎርሰው እርስዎን ነው። ይጉረሱ፣ አይሥጉ። ከጎረሱ በኋላ ሆድዎን ድንገት ቁርጥ ካደረገዎት፣ ሐኪሙ ምን እንዳስገባሁበት ሲጠይቀኝ ምርቃቱ እስኪያልቅ አላስጠብቀውም።